ዕጣው እስኪወጣ

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏን ቀብራ፣ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምታድር። ዘውድነሽ እንበላት። ቤቷ ዳገት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ፤ ከኋላ ያለው ጎረቤት ግቢ ከእናንተ ጣሪያ በላይ ነው፤ ያንን ሁሉ አፈር ደግፎ የያዘው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው።

ካቡ ባለፈው ክረምት ሆዱን አወጣ። ግንበኛው ጋሽ ሰይድ ጎረቤቷ ነው፤ መጣ፣ በመዳፉ ደገፍ አደረገው፣ ፊቱ ተለወጠ።

"እትዬ ዘውዴ፣ ይሄ ካብ ሌላ ክረምት አይችልም። ሳይዘንብ ፈርሶ በሲሚንቶ ይሠራ" አላት።

ገንዘብ ነበራት ወይ? ነበራት! እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የምነግራችሁ ስለ ድህነት አይደለም። ዓመታት የቆጠበችው ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል፤ ካቡን ያሠራል፣ ተርፎም የመጪውን ዓመት የዩኒፎርም ጨርቅ ይገዛል።

በዚያው ሰሞን ግን ባንኩ አዲስ ዓይነት ቁጠባ አወጣ። ገንዘብህን ሳትነካ ካቆየህ የዕጣ ቁጥር ይሰጥሃል፤ አንደኛው ዕጣ መኪና ነው፤ ዕጣው የሚወጣው ጳጉሜን ላይ ነው። መኪናዋ ቀይ ሪባን ታስራ ባንኩ በር ላይ ቆማለች። ዘውድነሽ አየቻት። ወረፋ ላይ እንደቆመች ሾፌር ቀጠረች፣ መስመር መረጠች፣ የመጀመሪያውን ቀን ገቢ ተቀበለች። ትስቃላችሁ አይደል? እስቲ እንዲህ ያለችውን መኪና በሐሳቡ ያልነዳ እጁን ያውጣ!

ስትመለስ በገብርኤል ደጅ አለፈች። ተሳለመችና ተሳለች። "አባቴ ገብርኤል፣ መኪናዋን አውጣልኝ፤ ለመቅደስህ ምንጣፍ አገባለሁ" አለች።

ከጳጉሜን በፊት ምን አለ ወገኖቼ? ሐምሌ አለ። ነሐሴ አለ። ክረምቱ በሙሉ አለ።

ዝናቡ ገባ። ልጅቷ ማኅደር የምትተኛበት አልጋ ያለው በካቡ በኩል ነው። ዘውድነሽ አልጋውን ስባ ወደ ስፌት ማሽኑ አስጠጋችው፤ ቤቱ ጠባብ ነውና ከዚያ በላይ አልሄደም። ልጅቷ "ለምን?" ስትላት "ብርሃን እንድታገኚ ነው" አለቻት። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ማሽኑን ታቆማለች። ታዳምጣለች። ጠጠር ኮሽ ሲል ወደ ካቡ ትዞራለች። ከዚያ ለልጇ ፈገግ ብላ መስፋቷን ትቀጥላለች።

ጋሽ ሰይድ ደጋግሞ መጣ። "እትዬ፣ ዛሬ ልጀምር?"

"እስከ ጳጉሜን ብቻ ታገሠኝ።"

"እኔስ እታገሣለሁ፤ ዝናቡ ይታገሣል ወይ?"

አንድ ቀን ፍርሃቱ ሲበዛባት ባንክ ሄደች። የባንኩ ልጆች እውነቱን ነገሯት፤ እነሱን እንዳትወቅሱብኝ። "እናቴ፣ ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ አሁኑኑ ማውጣት ይችላሉ። የዕጣ ቁጥሩ ግን ይሰረዛል" አሏት። በሩ ክፍት ነበር እኮ! ማን ያዛት? ማንም! እጇን የያዛት ሌላ ፍርሃት ነው። "ለገብርኤል ተስዬ ዕጣዬን ባሰርዝ ይቀየመኛል" አለች። አያችሁ ሰይጣን በየት እንደሚገባ? ባዶ እጇን ተመለሰች።

ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ኃይለ ሄደች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

"ልጄ፣ ገብርኤል መኪናዋን እሰጥሻለሁ ብሎሽ ነበር?"

"ኧረ አላለኝም አባቴ።"

"ታዲያ እሱ ቃል ካልገባልሽ አንቺ ምኑን ታፈርሻለሽ? ልጅሽ የምትተኛው የት ነው?"

ዘውድነሽ አለቀሰች።

"ሂጂ። ዛሬውኑ አውጪው። ቅዱሱን የዕጣ አዟሪ አታድርጊው" አሏት።

እሺ ብላ ወጣች። ነገ አወጣዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ፣ ይህን ያህል ቆይቼ ጳጉሜን ደጅ ላይ ደርሶ እንዴት ልተወው? አለች። ወገኖቼ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይህቺ ቃል ናት። ይህን ያህል ቆይቼ! ስንቱ ሰው ገደል የገባው መመለስ አቅቶት ሳይሆን የመጣበት መንገድ አሳዝኖት ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቁልፍና ክር ልትገዛ ወጣ አለች። ልጅቷ ቤት ነበረች። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛትና ሱቅ ተጠለለች። የመኪና ጭነት ሲደፋ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት አወቀች።

ስትደርስ ካቡ የለም። የኋላው ግድግዳ የለም። አልጋው ጭቃ ውስጥ ነው። "ማኅደር! ማኅደር!" መልስ የለም። ጋሽ ሰይድ አካፋ ይዞ ገባ፤ እሷ በጥፍሯ ትቆፍራለች። ስትቆፍር ምን ትል ነበር? "ይቅርብኝ! መኪናው ይቅርብኝ!" ማን ሰጥቷት ነው የሚቀርባት? ልጇን ባልነበራት መኪና ልትለውጥ ትለምን ነበር።

ከዚያ ከበስተኋላዋ "እማዬ" የሚል ድምፅ ሰማች።

ማኅደር ከታች ካለው ጎረቤት ቤት ደብተሯን አቅፋ መጥታ ቆማለች። ዘውድነሽ በጥፊ አለቻት። ከዚያ አቅፋት ጭቃው ላይ ተቀመጠች። "የት ነበርሽ?"

"አንቺ ስትወጪና ሲዘንብ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምሄደው። ካቡን እፈራዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ አትፈሪውማ። ፈሪ ናት እንዳትይኝ አፍሬ ነው።"

እናንተዬ! እናት ለዕጣዋ ስትል ፍርሃቷን ደበቀች፤ ልጅ የእናቷን ፈገግታ አምና ፍርሃቷን ደበቀች። ሁለቱም ያንኑ ድንጋይ እየፈሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ከረሙ። ዘውድነሽ በማግስቱ ገንዘቡን አወጣች። ካቡን ብቻ ሊያሠራ የነበረው ገንዘብ አሁን ካቡንም ግድግዳውንም ማሠራት ነበረበት፤ ሲሚንቶም ቢሆን ዋጋው ጨምሮ ጠበቃት። ለጨርቅ የሚተርፍ አልነበረም።

ዕጣ ያለው ቁጠባ ኃጢአት ነው ወይ ትሉኛላችሁ። አላልኩም። አለዚያ ቤሳ የማያስቀምጥ ሰው በዚህ ሰበብ ቢቆጥብ እሰየው ነው። ግን ያቺ መኪና ከሰማይ የወረደች አይምሰላችሁ። የሁላችሁ ትንሽ ትንሽ ወለድ ተጠራቅሞ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ሌላው የከፈለው ወለዱን ነው። ቢሆንም ወለዱ ትንሹ ኪሳራ ነው። ገንዘባችሁ አይጎድልም ይሏችኋል፤ እውነት ነው። ግን ቁጭ ባለበት ጊዜ ሊሠራው የሚችለው ሥራስ? ሊገዛው የሚችለው ጨርቅስ? ለክፉ ቀን የሚሆነው ገንዘብ በቀላሉ በምታወጡበት ይቀመጥ። ሥራ የሚሠራው ሥራ ይግባ። ሁሉንም ሸፍናችሁ ለተስፋ የሚተርፍ ካላችሁ፣ ያንን በዕጣ አስቀምጡት፤ አልቃወምም።

እናንተስ ዛሬ ምን ስትጠብቁ ነው ማድረግ ያለባችሁን ያቆማችሁት? አንዱ ዕጣ ይጠብቃል። አንዷ ከውጭ የሚመጣ ወንድም ትጠብቃለች። አንዱ መሬቱ ዋጋ እስኪያወጣ የታመመች ሚስቱን አላሳከመም። ሁሉም "ትንሽ ነው የቀረው" ይላል። ሁሉም ቤቱ ሲገባ ፈገግ ይላል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ገንዘቤን የት ላስቀምጥ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። "በዚህ ቤት ውስጥ ምን ትፈራላችሁ?" በሏቸው። ምናልባት እናንተ የምትፈሩትን ያንኑ ይነግሯችኋል። መልሱን ልጆቻችን ገና በሕይወት እያሉ እንድንሰማ እግዚአብሔር ይርዳን።