እመት አህዪትና የሚያፈሰው ክንፍ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት በወፎች ቀንተው አውሮፕላን በሠሩበት ዘመን፣ አያ አንበሶ ዋና አብራሪ፣ እመት አህዪት ደግሞ ረዳት አብራሪ ሆነው ይሠሩ ነበር። አንበሳ ዋና መሆኑ ማንንም አልገረመም፤ ንጉሥ ነዋ! የአህያ ረዳትነት ግን ብዙ አስወርቷል። «ጭነት ስትሸከም ኖራ አሁን ደግሞ ልታበርረን?» እያሉ የሳቁባት ጥቂት አይደሉም። እሷም ይህን ስለምታውቅ ካልተጠየቀች አትናገርም።

አንድ ጠዋት ከደጋው ተነሥተው ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ከተማ ይበሩ ነበር። መንገዱ ሳይጋመስ እመት አህዪት ከፊቷ ያሉትን ሁለት የነዳጅ ጠቋሚዎች አየች። የቀኙ ክንፍ ነዳጅ ከግማሽ በላይ ነው። የግራው ግን ወደ ሩብ ወርዷል። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደግማ አየች፤ ያው ነው።

«ካፒቴን፣ የግራው ነዳጅ ከቀኙ በጣም ጎድሏል» አለች ቀስ ብላ።

አያ አንበሶ ጎፈሩን ነስነስ አደረገ። «ይኼ ምን ያስጨንቃል? መሐል ያለውን ቧንቧ እንከፍትና ከቀኙ ለግራው እናካፍለዋለን። ንጉሥ እኔ እያለሁ አንዱ ጠግቦ አንዱ አይራብም!»

የአስተናጋጆቹ አለቃ ቀበሮ በበሩ አንገቱን አስግጎ ይሰማ ነበር። ከሐይቁ ማዶ የአጎቱ ልጅ ሰርግ አለ፤ ሚዜው ደግሞ እሱ ነው። «ግሩም ፍርድ ነው፣ ጌታዬ! ቶሎ አካፍለን መንገዳችንን እንቀጥል። ጠቋሚም እኮ አንዳንዴ ይዋሻል» አለ።

የአንበሳ መዳፍ ወደ ቧንቧው መክፈቻ ተዘረጋ። እመት አህዪት እንደ ልማዷ ዝም ልትል ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«ካፒቴን፣ ጥቂት ይታገሱኝ። እኔ ስልቻ ስሸከም ነው የኖርኩት። ግራና ቀኝ እኩል ተጭኖ የተነሣ ጭነት መንገድ ላይ በራሱ ካጋደለ፣ የቀለለው ስልቻ ተቀዷል ማለት ነው። አንድ ጌታ ነበረኝ። ጤፉ ሲያጋድልበት ከሙሉው እየዘገነ ወደ ቀዳዳው ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ ገበያ ስንደርስ ሁለቱም ስልቻ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሞተሮቻችን የሚጠጡት እኩል ነው። ታዲያ የግራውን ማን ጠጣው? እሱን ሳናውቅ አናካፍል። ሄጄ ክንፉን ልየው።»

አያ አንበሶ አጉረመረመ። የአህያ ምክር መስማት ሞት ሞት አለው። ያም ሆኖ መዳፉን መለሰና «ቶሎ በይ!» አላት።

በግራ በኩል ክንፉን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ የተቀመጠው አያ ጅቦ ነበር። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ለሐጩን ያዝረበርባል።

«አያ ጅቦ፣ ምን እያየህ ነው?» አለችው።

ጅብ ደንግጦ መስኮቱን በትከሻው ጋረደ። «ምንም!»

«እስቲ ዞር በልልኝ።»

«አልልም! መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ! የኔ ነው!»

«ምኑ ነው ያንተ?»

ጅብ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ ሹክ አላት። «ወተቱ ነዋ። ከተነሣን ጀምሮ ከክንፉ ሥር ነጭ ነገር ይንዠቀዠቃል። ሌላው ካየ አካፍለኝ ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ስናርፍ ክንፉን እልሰዋለሁ።»

እመት አህዪት በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ከክንፉ ሥር የሚወጣው ፈሳሽ በነፋሱ እየተበተነ ነጭ ጭስ መስሏል። ነዳጃቸው ነው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይሉ የለ!

«አያ ጅቦ፣ ይኼ ወተት አይደለም። የምንበርበት ነዳጅ ነው፤ ካለቀ እንወድቃለን» አለችው።

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ጊዜ ወሰደበት።

«እኔም?» አለ በመጨረሻ።

«አንተም።»

«ታዲያ ምን ያቆምሻል? ሩጪ እንጂ!»

ሮጣ ተመለሰችና ያየችውን ሁሉ ለአንበሳው ነገረችው። አያ አንበሶ ያንን ቧንቧ ከፍቶት ቢሆን ኖሮ የቀኙም ነዳጅ በዚያው ቀዳዳ ሊፈስ እንደነበር ገባው።

«የግራውን ሞተር እናጥፋና በቀኙ ብቻ እንብረር። ግን እስከ የት ያደርሰናል?» ሲል ጠየቃት።

እመት አህዪት አሰላች። አንድ ሞተር ብቻውን ሲሠራ ብዙ ስለሚጠጣ ሐይቁን መሻገር የማይታሰብ ነው። በቅርብ ያለው ማኮብኮቢያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጅቦች ሜዳ። ሰኮናዋን ካርታው ላይ እዚያው አሳረፈች።

ቀበሮ ይህን ሲያይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ሞኝ አትሁኚ፣ እመት አህዪት። እዚያ ብናርፍ እኛ ወደ መሬት እንወርዳለን፤ አንቺ የምትወርጂው ወደ ሆድ ነው። ነዳጁ እንደምንም ያደርሰናል፤ ሐይቁን እንሻገራለን በይው። ስሌቱን ካንቺ በቀር ማን ያውቀዋል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ፈርታለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ባልም የላትም። ዞር ብላ በበሩ ስታይ ፍየል ሁለት ግልገሎቿን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እመት አህዪት ወደ አንበሳው ዞረች።

«ካፒቴን፣ የጅቦች ሜዳ ላይ እንረፍ» አለች።

አንበሳ አፍጥጦ አያት። «አንቺስ?»

«እኔማ ፈርቻለሁ። ነዳጁ ግን እኔ ስለፈራሁ አይጨምርም።»

የግራው ሞተር ጠፋ። አውሮፕላኑ እያጋደለ፣ ሁለቱም መሪውን እየታገሉ ወረዱ። ጎማው መሬት ሲነካ ተሳፋሪው ሁሉ እልል አለ።

እልልታው ሳያበቃ ግን የሜዳው ጅቦች አውሮፕላኑን ከበቡት። «አህያ ሸተተን! አውርዷት!» እያሉ ጮኹ። አንበሳ በሩ ላይ ቆሞ አገሳ፤ እነሱ ግን መቶ ናቸው፣ እሱ አንድ።

ይኼኔ አያ ጅቦ ተጋፍቶ ወጣና ደረጃው ላይ ቆመ። «እሷን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይብላ!»

«ምን ነካህ? ሆድህን አሞሃል እንዴ?» አሉት ዘመዶቹ።

«ሆዴማ ደህና ነው፤ አሁንም ብላት ብላት ይለኛል። ግን እሷ ባትናገር ኖሮ ዛሬ ለቅሶዬ ላይ ነበራችሁ። ደግሞስ ከሐይቁ ማዶ የቀበሮ ዘመድ ሰርግ አለ፤ እሷን ከበላችሁ ማን ያደርሰኛል? ተዉአት፣ ስመለስ አጥንት አመጣላችኋለሁ!»

ጅቦቹ ተያዩ። አንድ አህያ ለመቶ ጅብ ምን ይደርሳል? የሰርግ አጥንት ይሻላል ብለው ምራቃቸውን እየዋጡ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

አብሯቸው ይበር የነበረው መካኒክ ዝንጀሮ ክንፉ ሥር ገብቶ የላላውን ቧንቧ አጠበቀ፤ ነዳጅም ተሞላ። ቀበሮ ሚዜነቱ አምልጦት አኩርፏል፤ ቢሆንም ለሚቀጥለው ሰርግ የሚደርስ ነፍስ ተርፎለታል። አያ አንበሶም በተሳፋሪው ሁሉ ፊት ጎፈሩን ዝቅ አድርጎ «እኩል አደርጋለሁ ብዬ ሁላችሁንም ሐይቅ ልጨምራችሁ ነበር። ያዳነችን እመት አህዪት ናት» አለ። ከዚያም ወደ እሷ ዞረ። «ነይ፣ አሁን አንቺ አስነሽው።»

እመት አህዪት መሪውን ያዘች፤ አውሮፕላኑም ቀጥ ብሎ ተነሣ።

ከዚህ የምንማረው፣ የጎደለው ነገር የት እንደሄደ ሳያውቁ መሙላት የቀረውንም ማፍሰስ እንደሆነና፣ ይህን የሚነግረንንም ማንነቱን ሳንንቅ መስማት እንዳለብን ነው።