ሰው የሌለበት ሥዕል

አንዲት የአብስትራክት ሠዓሊ ውጭ አገር በተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሥዕሏን አቀረበች። ነጭ ሸራ ነው፤ መሐሉ ላይ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ሌላ ምንም የለበትም። የአገሯን የልዑካን ቡድን እየመሩ የሄዱት የባህል መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ጋዜጠኞች አስከትለው መጡና ሥዕሉን ገልመጥ አድርገው፣

«ይኼን ይዘሽ ነው አገር ወክለሽ የመጣሽው? ሰው የታለ? አሁኑኑ ሰው ካላሳየሽኝ ይወርዳል!» አሏት።

ሠዓሊዋም እጅ ነሥታ፣ «ክቡር ዳይሬክተር፣ የእርስዎ ሥዕል እኮ ነው» አለች።

«የእኔ?»

«አዎ። የጉዞዬን ደብዳቤ እንዲፈርሙልኝ አሥራ አንድ ቀን ቢሮዎ ተመላልሻለሁ። ሁሌም ያየሁት ወንበርዎ ላይ የተንጠለጠለውን ግራጫ ኮት ነው። አንድ ቀን እንኳ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ ሰው እሥል ነበር።»