የተግደረደረው ጉጉት

ተረት አለኝ ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ቆሎውን ወደዚያ አድርጉት፤ እኔ ጠግቤያለሁ።

ድሮ በሐይቅ መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። በደሴቲቱ አንድ ጉጉት ይኖር ነበር። አይጡ እግሩ ሥር ስለሚመጣለት መብረር ረስቷል፤ ክንፉ እንደኔ ጉልበት ለስሙ ብቻ ነበረ። ጎረቤቱ ጭጎጎት ናት፤ ያቺ አበባዋ ትንሽ፣ ፍሬዋ ልብስ ላይ የሚጣበቀው አረም።

አንድ ክረምት ሐይቁ ሞላና ደሴቲቱን ይበላ ጀመር። ቢሻው የሚባል ባለታንኳ ደሴቲቱ ላይ የከመረውን ማገዶ ሊያወጣ መጣ። ጉጉቱን አየና «አያ ጉጉት፣ ውኃው ሊወስድህ ነው፤ ና ተሳፈር» አለው።

የጉጉት ልቡ ታንኳው ላይ ነበር። ግን ጨዋ ሦስቴ ካልተለመነ እሺ አይልም ተብሎ ነው ያደገው። «ግድ የለም፣ ደህና ነኝ» አለ። ቢሻው ማገዶውን ጭኖ ሄደ። ጭጎጎት ማንም ሳይጠራት ልጆቿን የቢሻው ጋቢ ጫፍ ላይ ለጠፈች።

በማግስቱ ውኃው የዛፉን ሥር ነካ። ቢሻው የቀረውን ማገዶ ሊጭን መጣ፣ ለመነ። ጉጉት «ቦታ አጣብብሃለሁ፣ ይቅር» አለ፤ በልቡ ግን አንዴ ድገመኝ ይላል። ጭጎጎት ዛሬ ደግሞ ሱሪው ላይ ተሳፈረች። ጉጉት ነውረኛ ብሎ ታዘባት።

በሦስተኛው ቀን ውኃው ቅርንጫፉ ሥር ደረሰ። ጉጉት ላባውን አበጥሮ፣ እሺታውን አፉ ላይ አዘጋጅቶ ጠበቀ። ቢሻውም መጣ። ነገር ግን እሱም ጨዋ ነው፤ ሁለቴ እምቢ ያለን ትልቅ ሰው መጨቅጨቅ ነውር መሰለው። እጅ ነሥቶ፣ ከውኃው በላይ የቀረችውን ጭጎጎት በእጅጌው ይዞ ቀዘፈ።

ጉጉት ታንኳው እስኪጠፋ አየ። ከዚያ በራሱ ሳቀ። «መብረሩንስ ክንፌ ረሳው፤ ምላሴን እሺ ማለት ማን አስረሳው?» አለ። ማታ ውኃው ወሰደው። ያ የማይበር የጉጉት ዘር ከዚያ ወዲህ አልታየም፤ ያሳዝናል።

ጭጎጎትማ የት የሌለችበት አለ? የልብሳችሁን ጫፍ እዩ።

ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ፣ ልጆቼ። የእኔም ሆድ ሲጮህ ሰምታችሁ እየሳቃችሁ ነው፤ ልክ ናችሁ፣ ከጉጉቱ የምለየው ውኃው ስላልደረሰብኝ ነው። እንግዲህ ተረቴን ባትመልሱም ቆሎውን መልሱልኝ። አንዴ ብቻ «ይብሉ» በሉኝ።