ልብስ ሰፊው ይመርና ስሙ የማይጠራው ዓሣ

እኛ ሰፈር፣ አሰብ ውስጥ፣ ሳይጠይቅ የሚጣደፍ ሰው ላይ የሚወረወር አንድ አባባል አለ። እኔ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ ይወረወራል። እንግዳ ሰው ሲሰማው ግራ ይገባዋል። እግር፣ ጀርባ፣ አማት... ምን አገናኛቸው? ያገናኛቸው አጎቴ ይመር ነው። ታሪኩን እናቴ አንድ ዓይነት ታወራዋለች፣ አጎቴ ራሱ ደግሞ ሌላ ዓይነት። እኔ የምጽፈው የሰፈራችን ሽማግሌ ሸህ ሙሄ እንደነገሩኝ ነው፤ በዓይናቸው ስላዩ፣ ደግሞም እሳቸው የሚያፍሩበት ነገር ስለሌለ።

አጎቴ ይመር የሐይቅ ልጅ ነው። ሐይቅ ሲባል ከተማውም ሐይቅ፣ ውኃውም ሐይቅ፤ ስለዚህ ዓሣ የተባለ ሁሉ ዘመዱ ይመስለዋል። አሰብ መጥቶ ገበያው ዳር የስፌት መኪናውን ተከለ። አንድ ቀን ዘህራ የምትባል የአፋር ልጅ ቀሚሷን ልታሳጥር መጣች። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ሳምንት ፈጀ። እጅጌው ይለካ፣ ወገቡ ይስተካከል እያለ ሲያመላልሳት ከረመ። ከዚያ ሸህ ሙሄን ሽማግሌ አድርጎ ወደ አባቷ ላከ፤ ራሱም መቀመጥ አቅቶት ተከትሏቸው ሄደ።

የዘህራ አባት ሁመድ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ንግግር የማይወዱ ሰው። ሸህ ሙሄ የሚሉትን ሁሉ ብለው ሲጨርሱ፣ ሁመድ ወደ ይመር ዞሩ።

"ነገ ጠዋት ባሕሩ ጎድሎ ከዳር ሲሸሽ ከእኔ ጋር ትወርዳለህ። መልሴን ከዚያ በኋላ ትሰማለህ።"

"ኧረ አባ ሁመድ፣ ለዚህ ነው? እኔ እኮ የሐይቅ ልጅ ነኝ! ባሕር ማለት ጨው የበዛበት ሐይቅ ነው።"

ሁመድ ሸህ ሙሄን አዩ። ሸህ ሙሄ መሬት መሬት አዩ።

በማግስቱ ይመር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ አዲስ ጫማውን ለሸህ ሙሄ አስይዞ፣ ጆንያ ተሸክሞ ውኃው ውስጥ ገባ። ሁመድ ረጅም ጦር ይዘው ከፊት ናቸው። ውኃው ከጉልበት በታች ነው፤ ግን ስለደፈረሰ ሥሩ አይታይም። ሁመድ መራመድ ጀመሩ፣ መራመድ ከተባለ። እግራቸውን ከአሸዋው ሳያነሱ፣ ሽርርር... ሽርርር... እያሉ።

ይመር የታመሙ መሰለው።

"አባ ሁመድ፣ ደከመዎት እንዴ? ጦሩን ልያዝልዎ?"

"እግርህን ጎትት።"

"ምን አሉኝ?"

"እግርህን አታንሳ። ጎትት።"

"ለምን?"

"እሱ እንዳይቆጣ።"

"እሱ ማን?"

"እሱ ነዋ!"

ይመር ወደ ቀኝ አየ፤ ውኃ። ወደ ግራ አየ፤ ውኃ። ወደ ኋላ ዞረ፤ ሸህ ሙሄ ዳር ላይ ጫማውን ታቅፈው ቆመዋል።

"ሸህ ሙሄ ናቸው የሚቆጡት?"

"ዝም በል!"

አሁን እስቲ ፍረዱ። የይመር እናት፣ ማለት አያቴ፣ ልጅ እያለ እግሩን ከጎተተ "አንሳ! ጫማው ከሰማይ የወረደ መሰለህ?" እያሉ ነው ያሳደጉት። እነሱ አገር እግሩን የሚጎትት ወይ በሽተኛ ነው፣ ወይ ሰነፍ። ታዲያ ይመር ቆሞ አሰበ፣ አሰበና የራሱን ፍቺ አገኘ። "ገባኝ! ሽማግሌው ሊፈትነኝ ነው። ከጎተትኩ 'ለሰነፍ ልጅ የለኝም' ሊለኝ ነው።"

ጉልበቱን እስከ ደረቱ አነሳ። ዷ! ሁለተኛውን አነሳ። ዷ! ውኃው ሁመድ ፊት ላይ ይረጫል።

"አንተ!" አሉ ሁመድ።

"እንዲህ ነው የሐይቅ ልጅ!" አለ ይመር። ዷ!

ስድስተኛው ላይ የረገጠው አሸዋ ለሰለሰ። አሸዋ ደግሞ ይለሰልሳል እንዴ ብሎ ሳይጨርስ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የጋለ ምስማር የተሰካ መሰለው። የጮኸውን ጩኸት ገበያ ድረስ ሰማነው የሚሉ አሉ።

ዳር የቆሙት ሸህ ሙሄ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። ሁመድ አንድ ትልቅ ነገር በጀርባቸው አዝለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሲመጡ አዩና ደስ አላቸው።

"ሰዎች ኑ! ሁመድ ግዙፍ ዓሣ ይዟል!" ቀረብ ሲል ግን ግራ ገባቸው። "ቆይ... ዓሣው ሱሪ ለብሷል እንዴ?"

ቤት ሲደርሱ ዘህራ ባልዲ አቀረበች፤ ከማንቆርቆሪያ እንፋሎቱ የሚጨስ ውኃ ገለበጠችበት፣ ቀዝቃዛም ጨመረችበት።

"ምን ልታደርጉኝ ነው?" አለ ይመር። "አጠፋሁ እንጂ ዓሣ አልሆንኩም! ልትቀቅሉኝ ነው?"

"እግርህን ክተት፤ ትኩሱ ነው ሕመሙን የሚያበርደው" አለች ዘህራ።

ትኩስ እንዴት ያበርዳል? አሁንም አልገባውም። ግን ከተተ፣ ሕመሙም ቀስ በቀስ በረደ። ያን ጊዜ ሁመድ ተናገሩ። ዓሣው እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው፤ አሸዋ ለብሶ ይተኛል፤ ጅራቱ አለንጋ፣ አለንጋው ላይ የመርዝ እሾህ። እግር ሲጎተት አሸዋው ይነቃነቅና ብድግ ይላል፤ ያኔ በጦር ይወጋል። የረገጠውን ግን እሱ ይወጋል። ደግሞ በእነ ሁመድ ቤት፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚያድኑትን ዓሣ ስም መጥራት ነውር ነው።

"ታዲያ ቀደም ብለው እዚህ ቤት ቢነግሩኝስ?"

"ባሕርን አውቃለሁ አልክ። ለሚያውቅ ሰው ምን ይነገራል?"

ይመር ቀስ ብሎ፣ "የዘህራስ ነገር?" አለ።

"ተሸክሜ ያስገባሁትን ሰው አማቼ ነው አልልም። ሲሻልህ በእግርህ ና።"

አንድ ወር ከአሥር ቀን አለፈ። የይመር የስፌት መኪና ቆመ፣ ዘህራን ሌላ ሰው ሊጠይቅ ነው የሚል ወሬም ተነዛ። በአንድ ዓርብ፣ ከስግደት በኋላ፣ ይመር ራሱ በሰፋው አዲስ ልብስ ከገበያው ብቅ አለ። እግሩን መሬት ላይ ይጎትታል። ሽርርር... ሽርርር...

"ውይ፣ አንካሳ ሆኖ ቀረ!" አለች አንዷ።

"ኧረ ሁለቱንም እግሩን ነው የሚጎትተው! የተወጋው አንዱ አይደል እንዴ?"

ሸህ ሙሄም ከጎኑ እየሄዱ "ልጄ፣ አልዳንክም?" ይላሉ፤ እሱ ግን አቧራውን እያቦነነ የሁመድን ደጃፍ አልፎ ገባ፤ ምንጣፉን እስኪያጥፈው ድረስ ጎተተ። ከመጋረጃው ጀርባ ዘህራ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ይመር፣ ይሄ እኮ ደረቅ መሬት ነው" አሉ ሁመድ።

"አውቃለሁ፣ አባ ሁመድ። እዚህ ቤት ውስጥ ግን ምን እንደተቀበረ አላውቅም።"

ሁመድ ሲስቁ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለትና "ተቀመጥ፣ አማቼ" አሉት፤ ያን ሁሉ ቀን ጫማ ታቅፈው፣ ወሬ ሰምተው፣ ግራ ተጋብተው የከረሙት ሸህ ሙሄም አሁን ገና ሁሉ ነገር ገብቷቸው እጃቸውን አጨበጨቡና እንዲህ አሉ፦ "እግሩን ያነሳ በአማቱ ጀርባ፣ እግሩን የጎተተ በእግሩ ገባ!"