አንጓችና የውሃ ውሻዋ ዱካ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔ አፌን ልስጣችሁ።

በድሮ ዘመን፣ ጥቁሪት በምትባል ወንዝ ዳር፣ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እጇ ብልህ፣ አፏ ቁጥብ፣ ዓይኗ ንቁ ነበረ። እንስራ ትሠራለች፣ ጋን ትሠራለች፣ ድስት ትሠራለች። ሰው ሁሉ በእሷ እንስራ ውሃ ይቀዳል፤ እሷን ግን ግቢና ተቀመጪ የሚላት አልነበረም። ያኔ ሸክላ ሠሪን ይንቁ ነበርና።

በዚያው አገር ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበረ። ምላሱ የሰላ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ሥራ ሲያይ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። ሲናገር ውሎ ሲናገር ያመሻል።

ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ ጥልቅ ኩሬ ነበረ። የአገሩ ሰው በኩሬው አፍ ላይ የሸምበቆ ወጥመድ አኑሮ፣ የተያዘውን ዓሣ ለየቤቱ ይካፈል ነበር። ለወጥመዱ ጠባቂ የተደረገው ቢያድግልኝ ነው። ሌላ ሥራ እንደማይሆንለት ሁሉም ያውቁ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። እህል ሳሳ፣ ጎተራው ነጠፈ። ሰው ሁሉ ተስፋውን ወጥመዱ ላይ ጣለ።

አንድ ቀን ወረዱ፤ ወጥመዱ ባዶ ነው። ሁለተኛ ቀን ወረዱ፤ ባዶ ነው። ሦስተኛ ቀን ወረዱ፤ አሁንም ባዶ ነው። ልጆች እያለቀሱ ተመለሱ።

ቢያድግልኝ ሰዉን ሰብስቦ ሌባዋ የውሃ ውሻ፣ ያቺ በወንዝ ውስጥ እየዋኘች ዓሣ የምትበላ አውሬ፣ መሆኗን ነገራቸው። ጭቃው ላይ ያለውን የእግር ዱካ አሳያቸው። ድንጋዩ ላይ ያለውን እዳሪ አሳያቸው። ሣሩ ላይ የተጣለውን የዓሣ ጭንቅላት አሳያቸው። ሰዉም ነደደው። የአገሩ ገዢ ግራዝማች ወንድይራድ፣ ሐሙስ ሁሉም ጦሩንና ውሻውን ይዞ እንዲወርድ፣ በጥቁሪትም አንዲት የውሃ ውሻ እንዳትተርፍ አዘዘ።

አንጓች ይህን ስትሰማ አዘነች። ጭቃ ስትቆፍር ስንት ዓመት ሙሉ ያየቻት፣ በብቸኝነቷ ጎረቤቷ ያደረገቻት እንስሳ ናት። ወደ ወጥመዱ ወረደችና ዱካውን አጎንብሳ አየች። እዳሪውን በእንጨት ገልብጣ አየች። የዓሣውን ጭንቅላት አንስታ አየች። ከዚያ ለስላሳ ጭቃ አሽታ ዱካው ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ ሲጠነክር በቀስታ አነሳችውና በቅጠል ጠቅልላ ግራዝማች ወደሚቀመጥበት ሸንጎ ሄደች።

ተቀመጪ ያላት የለም። ቆማ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ከመግደላችሁ በፊት አንድ ማለዳ ይስጡኝ። ዓሣውን የበላችው የውሃ ውሻዋ ከሆነች ጎጆዬን ትቼ አገሩን ለቅቄ እሄዳለሁ።»

ቢያድግልኝ ሳቀ። ድስት የሚጠፈጥፍ ሁሉ ዳኛ ሊሆን ነው ወይ ብሎ አላገጠ። ግራዝማች ግን የምትቆምበት መሬት እንኳ የሌላት ሴት ያለቻትን አንዲት ጎጆ ስታስይዝ አይቶ ነገሩ ከነከነው። ማለዳውን ሰጣት።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ግራዝማች፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ቢያድግልኝ ተከተሏት። አንጓች ከኩሬው ራቅ አድርጋ ወደ ላይ ወሰደቻቸው።

መጀመሪያ እርጥብ አሸዋ አሳየቻቸው። የሕፃን መዳፍ የመሰለ ዱካ ነበረበት፤ ጣቱ አምስት፣ ጥፍር የሚባል የለውም። ቀጥላ የዳሩን ሣር አሳየቻቸው። የውሃ ውሻዋ በሆዷ እየተንሸራተተች ወደ ውሃ የምትወርድበት መንገድ ለስልሶ ያበራል። በመጨረሻ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየቻቸው። እዳሪዋ የተፈጨ የሸርጣን ቅርፊት ሞልቶበታል፤ ግራዝማች ራሱ ተንበርክኮ አሸተተው፤ ዓሣ ዓሣ ይላል።

ከዚያ ነፋሱ ከውሃው ወደ እነሱ በሚመጣበት በኩል ቄጠማ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። እንዳይነቃነቁ፣ እንዳያስሉ፣ እንዳይነጋገሩ ነገረቻቸው።

ተቀመጡ። ፀሐይ ወጣች። የግራዝማች እግር ደነዘዘ። ቢያድግልኝ አፉን ሊከፍት ሲል አንዱ ሽማግሌ በክርኑ ጎሸመው።

ድንገት ውሃው ላይ አረፋ ፍልቅ ፍልቅ እያለ መስመር ሠራ። በመስመሩ ጫፍ አንድ ራስ ብቅ አለ። ጠፍጣፋ ራስ፣ ረጅም ጢም፣ ነጭ አንገት። የውሃ ውሻዋ ነበረች። ወደ ድንጋዩ ወጣች፤ ጸጉሯ ቅቤ እንደተቀባ ያበራል፤ ጅራቷ እንደ ሰው ክንድ ወፍራም ነው። ሁለት ግልገሎች ተከትለዋት ወጡ።

ሸርጣን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሴት ጎመን እንደምታጥብ እያገላበጠች አጠበችው፤ ሰብራም ለልጆቿ አካፈለቻቸው። ትንሽ ዓሣም ያዘች፤ ከራሱ ጀምራ ቀረጣጥፋ በላችው፤ የተረፈው ጭራው ብቻ ነው። ከዚያ ሦስቱም በሆዳቸው ተንሸራተቱና ውሃው ገጥሞ ዝም አለ።

ግራዝማች ወንድይራድ ብዙ አገር የዞረ፣ ብዙ አውሬ የገደለ ሰው ነበረ። ያን ቀን ግን እጁ ጦር ባለመያዙ ደስ አለው።

«በዚህ ወንዝ ዳር ሃምሳ ዓመት ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳላያት ልገድላት ነበር» አለ።

ወደ ሸንጎው ሲመለሱ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቃል። አንጓች ቅጠሉን ፈታችና ከወጥመዱ ዳር ያነሳችውን ሸክላ አስቀመጠች። አራት ጣት ነበረው፤ ሦስቱ ላይ ጥፍር አለ፣ አራተኛው ላይ ጥፍር የለም።

በዚህ መሀል የቢያድግልኝ ውሻ ጌታዋን አይታ ጅራቷን እየቆላች መጣች። አንጓች እርጥብ ጭቃ ዘርግታ የውሻዋን እግር ጫነችበት። አራት ጣት፤ ሦስት ጥፍር፤ አራተኛው የተሰበረ።

ሰዉ ሁለቱን ጭቃ አየ። ከዚያ ቢያድግልኝን አየ።

አንጓች ቀስ ብላ ተናገረች። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው የውሃ ውሻ አይቶ አያውቅም። ስሟን ሲሰማ እግሯም የውሻ መሰለውና የገዛ ውሻውን ጭቃው ላይ አስረገጠ። እዳሪውም የውሻ ነው፤ ሸርጣን የለበትም። የዓሣውን ጭንቅላትም የጣለው ሰው ነው፤ የውሃ ውሻ ከጭንቅላት ነው የምትጀምረው።»

ግራዝማች ወዲያው ሰዎችን ወደ ቢያድግልኝ ቤት ላከ። ጎጆው ሲፈተሽ ዓሣው በገመድ ላይ ተሰቅሎ ሲደርቅ ተገኘ። ወርዶም ለየቤቱ ተከፋፈለ።

ግራዝማች ፈረደ። በጥቁሪት ወንዝ የውሃ ውሻ የገደለ ይቀጣ፤ አንጓች ከእንግዲህ በሸንጎ ከሽማግሌዎች ጋር ትቀመጥ፤ ቢያድግልኝም በጋውን ሙሉ ጭቃዋን ይሸከም፤ አንጓች ማለዳ ስትወርድ አብሯት ይውረድ፤ ከወንዙ ዳር እስካለ ድረስም አንዲት ቃል አይናገር አለ።

ለቢያድግልኝ ከሸክሙ የከበደው ዝምታው ነበር። መጀመሪያ አጉረመረመ። ቆይቶ ዝም አለ። ቆይቶ ማየት ጀመረ።

በጋው አለፈ፣ ቅጣቱም አበቃ። ሰዎች ግን ቢያድግልኝ አሁንም ማለዳ ማለዳ ወደ ወንዙ ሲወርድ አዩ። ምን ቀረህ ብለው ተከትለው ሊጠይቁት ቄጠማው ውስጥ ሲደርሱ፣ ያ ወሬኛ ሰው ዞር ሳይል እጁን አንስቶ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጣቸው።

አያችሁ ልጆች፤ ስም ሰምቶ የፈረደ ንጹሑን ይገድላል፤ ዱካ አይቶ የጠየቀ እውነቱን ያገኛል።

እኔ ያለኝን ጨረስኩ፤ የቀረውን ወንዝ ዳር ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ እዩ።