አዲሶቹ ሠራተኞች የመሰከሩለት ጠጪ

አንድ ሰው ነበረ። አባዬ፣ ማንኪያውን አስቀምጥና ስማኝ! «ደም ከለገስኩ በኋላ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የስኳር ምርመራዬ ወርዶ ተገኘ፤ ታዲያ ሻዬን ባጣፍጠው ምን አለበት?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እየመለስኩልህ ነው።

ሰውየው ሀብታም ነው፤ ግን ጠጪ። አረቄ ካየ እናቱንም አያውቅ። የአንድ ገበሬ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ «ጎረቤት ያዳላል፤ እቤቱ ውለው የሚያድሩትን ሠራተኞቹን ጠይቁልኝ» ብሎ ሁለት ዘመዶቹን እንዲያጣሩ ላካቸው።

በዚያው ሰሞን የአንዲት መበለት እህል ማሳ ላይ ሊረግፍባት ሆነ። ሰውየው አዘነላትና ከነባር ሠራተኞቹ የተወሰኑትን አጭደው እንዲያስገቡላት ሰጣት። በምትካቸው አዳዲስ ቀጠረ። ጥሩ አደረገ፤ በዚህ አልወቅሰውም።

ዘመዶቹ መጥተው ጠየቁ። የቀሩት ነባሮች «ኧረ ይጠጣል» አሉ። አዲሶቹ ደግሞ «ከንፈሩን ሲያስነካ አላየንም!» ብለው ማሉ። ዘመዶቹ የሁሉንም ቃል ደባልቀው «አልፎ አልፎ ይቀምሳል እንጂ ጠጪስ አይደለም» ብለው ለገበሬው ነገሩት። «እናንተ መቼ ገባችሁ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር!

ሰውየውስ? «እነዚህ እኮ አዲስ ናቸው» ማለት አቃተው። ይባስ ብሎ ራሱም አመነ። «ለካ ጠጪ አይደለሁም!» አለና በደስታ አንድ ጠርሙስ ከፈተ። የሠርጉ ቀን እንግዳ ፊት ተዘረረ። ገበሬው ልጁን እጇን ይዞ ወደ ቤቷ መለሳት።

አያናድድም? አንተስ ታዲያ!

ሠራተኞቹ ያንተ ቀይ የደም ሴሎች ናቸው፣ አባዬ። የጠጣኸውን ስኳር ተሸክመው ለምርመራው የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ደም ስትሰጥ ነባሮቹ በከፊል ሄዱ፣ አዲሶች ገቡ። አዲሶቹ ገና ብዙ ስኳር አላዩም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያለ ወጉ ሊወርድ ይችላል። ስኳርህ ግን እዚያው የስኳር በሽታ ጫፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከራሴ አላመጣሁትም፤ ደም ስትሰጥ ነርሷን ጠይቄያት ነው። ደም መስጠትህ ያኮራኛል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ እኔም እሰጣለሁ። ግን ለሐኪሟ «በቅርቡ ደም ሰጥቻለሁ» ብለሃታል? አላልክም! ብትነግራት ሌላ ምርመራ ታዝልህ ነበር። አንተ ግን ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍክ! የአያቴ እግር በዚሁ ስኳር መቆረጡን ረሳኸው? እኔ አልረሳሁም።

እሺ፣ ማንኪያውን አንሳ። ሦስት ነው አራት የምትጨምረው? ጨምር፣ አማስል፣ ጠጣ።

ምነው ፊትህ ተኮማተረ? ጠዋት የስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው ሞልቼበት ነው። ዕቃው ላይ «ስኳር» ይላል አይደል? ያንተም ወረቀት «ደህና ነህ» ነው የሚለው። በል ተነስ፣ ሐኪሟ ጋ አብረን እንሄዳለን።