ሦስት ቅድመ አያቶችና አንዲት እናት

ተረት ልንገራችሁ፤ የነቃ ይጠጋ፣ ያንቀላፋም በሕልሙ ይስማ።

ድሮ ድሮ፣ ፈረስ ሲናገር ኮርቻ በሚመልስበት ዘመን፣ ጉም በማይገለጥባት ደሴት ላይ ሽምጥ የሚባል ውርንጭላ ነበር። እናቱ ጭቃ ለጭቃ ጋሪ የምትጎትት፣ ኮቴዋ ሰፊ፣ አካሏ ወፍራም ፈረስ ናት። ቅድመ አያቶቹ ግን ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ጉራቹ ከአሸዋ አገር፣ ዳማው ከተራራ አገር፣ ቡላው ከሰፊው ሜዳ አገር።

አንድ ቀን ነፋስ መጣና፣ “ወፍጮ ማዞር ሰለቸኝ። ደሴቲቱን ዞረን እንሽቀዳደም፤ የተሸነፈ ዕድሜ ልኩን ወፍጮውን ያዙር” አለው።

“እሺ” አለ ሽምጥ። ልጅ አይደል፣ መች ያስባል!

አንድ አሮጌ ኮርቻ ዳኛ ሆኖ የሩጫው መነሻና መድረሻ በሆነው አጥር ላይ ተቀመጠ። “ሯጭ ሳይሮጥ ዘሩን ይቁጠር፤ የአገሩ ሕግ ነው” አለ።

“እኔ ወላጅ የለኝም፤ ለዚህም ነው ቀላል የሆንኩት” አለ ነፋስ።

ሽምጥ አንገቱን ሰብቆ፣ “ጉራች ቅድመ አያቴ! ዳማ ቅድመ አያቴ! ቡላ ቅድመ አያቴ!” አለ።

“እናትህስ?”

እናቱ እዚያው አጥሩ ሥር ቆማለች። ሽምጥ ጭቃ የለበሰ እግሯን አየና አፈረ። “በቃ፣ ቆጥሬያለሁ” አለ።

“በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። አንተም ከበቅሎ ተማርክ?” አለው ኮርቻው። እናቱ አንገቷን ደፋች።

ተነሡ። አሸዋው ላይ ሽምጥ “ጉራች!” ብሎ ሲጠራ የሩቅ አገር ፀሐይ ጀርባውን አሞቀው፤ አሸዋውም ተሸከመው። ዳገቱ ላይ “ዳማ!” ሲል ትንፋሹ ረዘመ። ሜዳው ላይ “ቡላ!” ሲል እግሮቹ መሬት መንካታቸውን ረሱ። በሕልም የሚሮጥ እንጂ በእውን የሚሮጥ አይመስልም ነበር።

ከአጥሩ በታች ግን ረግረግ አለ። ነፋስ በላዩ እያፏጨ አለፈ፣ ሽምጥ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ።

“ጉራች!” ዝም። “ዳማ!” ዝም። “ቡላ!” ዝም። እነሱ ጭቃ የት ያውቃሉ? ከጉሙ ውስጥ ወፍጮው “ና፣ ና” ሲል ሰማው። ዕድሜ ልክ መዞር!

“እማዬ!” አለ።

“ልጄ፣ ጭቃን አትታገለው” አለ ድምጿ ከጉሙ ማዶ። “እግርህን ቀስ ብለህ አንሣ፤ ኮቴህን አስፍተህ አሳርፍ።”

ኮቴውን ቢያይ የእሷው ሰፊ ኮቴ ነው። እስከዚያች ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አለና ወጣ።

ነፋስማ ያሸነፈ መስሎት ከረግረጉ ዳር ደንገል ጋር ሲጫወት ቆይቷል፤ “ተው፣ ጨርስ” የሚለው እናት የለው። ሲባንን ሽምጥ ኮርቻው ፊት ቆሟል።

“ዘርህን እንደገና ቁጠር” አለ ኮርቻው።

“እናቴ፣ ጭቃ ለባሿ” አለ ሽምጥ እያለቀሰ። “የቀሩት ከእሷ በኋላ ናቸው።”

“ና፣ መጀመሪያ እግርህን ተለቃለቅ” አለችው እናቱ።

ነፋስ እስከ ዛሬ ወፍጮ ያዞራል፣ እያጉረመረመ። የሽምጥ ዘሮችም እስከ ዛሬ ይቀድሙታል።

ሩቅ ያለ አያት ያስፎክራል፤ ከጭቃ የምታወጣ ግን እናት ናት።